ኤፍ ኤም ሬዲዮ ከስልካችን ውስጥ እንዳይወጣ

ጎንደር ፒያሳ ካሉት የስልክ መሸጫ ሱቆች ወደ አንዱ የሚገባ ገዢ ለሻጩ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው። ባትሪው ምን ያህል ይቆያል፣ ካሜራው ማታ ያነሳል ወይ፣ ሚሞሪው ስንት ነው፣ ሁለት ሲም ይወስዳል ወይ፣ የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው ይላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ጋር አብሮ ይነሳ የነበረው «ሬዲዮ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን እየጠፋ መጥቷል። ገዢው አይጠይቅም፣ ሻጩም አያነሳውም፣ በካርቶኑ ላይም ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ በዚህ ዝምታ መካከል ኤፍ ኤም ሬዲዮ ከአዳዲስ ስልኮች ውስጥ አንድ በአንድ እየወጣ ነው። እኔ ይህ ነገር ሊያሳስበን ይገባል ባይ ነኝ። ወደ አገራችን የሚገባ ወይም እዚሁ የሚገጣጠም ስማርት ስልክ፣ በተለይም ብዙ ሰው የሚገዛው ዝቅተኛና መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የኤፍ ኤም መቀበያ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምን እየተናገርን እንደሆነ ግልጽ ይሁን። ዛሬ ብዙ ወጣቶች «በስልኬ ሬዲዮ ሰማሁ» ሲሉ በመተግበሪያ፣ በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ የተላለፈ ድምፅ መስማታቸውን መናገራቸው ነው። ያ ድምፅ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው፤ ከጣቢያው ተነስቶ በሰርቨርና በቴሌኮም መስመር አልፎ ከቶወሩ ወደ ስልኩ የሚደርሰው ለእያንዳንዱ አድማጭ ለየብቻው እየተላከ በመሆኑ፣ አንድ ሺህ ሰው ሲያዳምጥ አንድ ሺህ ጊዜ ይላካል። ኤፍ ኤም ግን ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው የሞገድ ክልል ውስጥ ከማሰራጫው ምሰሶ አንድ ጊዜ ወደ አየር ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደወል ነው፣ የሰማው አንድ ሰው ይሁን አገር በሙሉ ለደወሉ ልዩነት የለውም። ተቀባዩ ስልክ ለማሰራጫው መልሶ የሚልከው ነገር የለም። ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ሂሳብ አይፈልግም፣ ማን የትኛውን ጣቢያ በስንት ሰዓት እንዳዳመጠ የሚመዘገብበትም ቦታ የለም። በጥር 10 እና 11 የጥምቀት እንግዳ ከተማውን ሲሞላውና በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲያወጣ፣ ኔትወርኩ ተጨናንቆ መደወል እንኳ እንደሚያስቸግር የከተማው ሰው ያውቃል። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ኤፍ ኤም የከፈተ ሰው ድምፁን ሳይቆራረጥ ይሰማል።

ለዚህ ሥራ ስልኩ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሞገዱን የሚያነብ ቺፕና ሞገዱን የሚይዝ አንቴና። ስለ ቺፑ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። እንደ ብሮድኮም፣ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ያሉት አምራቾች ዋይፋይን፣ ብሉቱዝንና ኤፍ ኤምን በአንድ ላይ አጣምረው የያዙ ቺፖችን ለረጅም ዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል፤ በብዙ ስልኮች ውስጥ የሬዲዮው ችሎታ በቺፑ ላይ እያለ ከአንቴና ጋር ሳይገናኝ ወይም በሶፍትዌር ተዘግቶ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያስቸግረው አንቴናው ነው። በ100 ሜጋኸርዝ የሚሰራጭ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው፤ በደንብ ለመያዝም የዚህን ሩብ ያህል፣ ማለትም ወደ 75 ሳንቲሜትር የሚሆን ሽቦ ይመረጣል። ይህን የሚያህል ሽቦ በአንድ መዳፍ በሚያዝ ስልክ ውስጥ ዘርግቶ ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ መሐንዲሶቹ ቀድሞውንም በሰው እጅ ያለውን የኤርፎን ገመድ አንቴና አድርገው ተጠቀሙበት። ኤርፎን ሳይሰካ ሬዲዮውን ስንከፍት ስልኩ መጀመሪያ ኤርፎን እንድንሰካ የሚጠይቀን ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ልብስ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ስልካቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴክኖ ነው፤ ከመኪናው አጠገብ ካለው የክር ሣጥን ጋር አስደግፈው ያቆሙታል። ከስልኩ የሚወጣው ኤርፎን ሁለቱም የጆሮ ጫፎቹ የሉም፣ ከነአካቴው ተቆርጠዋል፤ የቀረው ገመድ ወደ ላይ ተስቦ በመስኮቱ ክፈፍ ላይ በተመታ ሚስማር ታስሯል። ድምፁ የሚወጣው ከስልኩ ስፒከር ነው። የሱሪዬን ዚፕ እስኪቀይሩልኝ ድረስ ቆሜ ሳለሁ፣ ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ ሳይሆን ከእርሳቸው አንደበት ለመስማት ፈልጌ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ይህ ኤርፎን እኮ ተበላሽቷል፤ ለምን ይሰኩታል?»

«ለጆሮ ነው የተበላሸ እንጂ ለሬዲዮው ደህና ነው፤ ነቅለህ ሞክረው፣ ወዲያው ጭጭ ይላል» አሉኝና ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ ቀጠሉ። «ልጄ አዲስ ስልክ ልግዛልህ ይለኛል። ይህቺ ሽቦ የምትገባበት ቀዳዳ ካለው እሺ፣ ከሌለው ግን ለራሱ ይያዘው ብየዋለሁ።»

እኚህ አባት ስለ ሞገድ ርዝመት የተማሩት ነገር አለ ብዬ አልገምትም፤ ነገር ግን አንቴናው የትኛው እንደሆነ፣ ወደ የት ቢዘረጋ ጥሩ እንደሚይዝ፣ ስልክ ሲገዛም ምን መታየት እንዳለበት ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ የሚከፈተው ሬዲዮ ማታ ሲዘጉ ይዘጋል። ዜናውን፣ የጤና ፕሮግራሙን፣ ስፖርቱን፣ የማስታወቂያውን ሁሉ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ይሰማሉ፤ ለዚህ የሚከፍሉት ነገር የለም። ዓይንና እጅ በሥራ ተይዘው ጆሮ ብቻ ነፃ ለሆነ ሰው፣ ለባጃጅ ሹፌሩ፣ እንጀራ ጋግራ ለምታድር እናት፣ ለጥበቃው፣ ለሸማኔው፣ ከሬዲዮ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እንግዲህ አምራቾቹ ለምን እየተዉት መጡ? ትልቁ ምክንያት ያ የኤርፎን ቀዳዳ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ያለ ኤርፎን ቀዳዳ ሲያወጣ፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት፤ ውድ የሆኑት የሳምሰንግ ስልኮችም ቀዳዳውን ተዉት። ገመድ አልባው የብሉቱዝ ኤርፎን ደግሞ ለጆሮ ድምፅ ያደርሳል እንጂ አንቴና ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ገመዱ ሲቀር ሬዲዮውም አብሮ ቀረ። ሁለተኛው ምክንያት የገበያ ነው። ኤፍ ኤም ለአምራቹም ለቴሌኮም ድርጅቱም ገንዘብ አያስገባም፤ አድማጩ ሙዚቃና ወሬ በዳታ ሲሰማ ግን ፓኬጅ ይሸጣል፣ ወርኃዊ ክፍያ ይሰበሰባል። ይህን የምለው ሰው ሁሉ በተንኮል ተነሳስቷል ለማለት አይደለም፤ ገቢ የማያመጣ ነገር ተሟጋች ስለሌለው በቀላሉ እንደሚቀነስ ለማስታወስ ነው። ተሟጋቾቹ መሆን ያለብን እኛ አድማጮቹ ነን።

በአሜሪካ ይህ ክርክር እ.ኤ.አ. በ2017 ጎልቶ ወጥቶ ነበር። ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ በመስከረም ወር ፖርቶ ሪኮን ስትመታ፣ በደሴቲቱ ካሉት የሞባይል ጣቢያዎች ከመቶ 95 የሚሆኑት ሥራ አቆሙ። በዚያው ወር የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት አጂት ፓይ፣ አፕል በስልኮቹ ውስጥ ያለውን የኤፍ ኤም ቺፕ ለሕዝብ ደህንነት ሲል እንዲከፍት በይፋ ጠየቁ። የኩባንያው መልስ አይፎን 7 እና አይፎን 8 የኤፍ ኤም ቺፕም ሆነ ለዚያ የተሠራ አንቴና የላቸውም የሚል ነበር። እኔ ከዚህ መልስ የምወስደው ነገር አለ። መቀበያው በስልኩ ውስጥ ካልተሠራ፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ ማንም ባለሥልጣን ቢያዝ፣ ማንም ሕዝብ ቢለምን ሊከፈት አይችልም፤ ውሳኔው የሚወሰነው ስልኩ ፋብሪካ ውስጥ ሳለ ነው።

ጎንደር አውሎ ነፋስ የሚመታት ከተማ አይደለችም፤ ኔትወርክ ማጣት ምን እንደሚመስል ግን ከማንም ባላነሰ አውቀነዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ በእጃችን ያሉት ስማርት ስልኮች አብዛኛው ሥራቸው ቆመ። ቴሌግራሙ አይከፈትም፣ ዩቲዩቡ አይከፈትም፣ የሬዲዮ ጣቢያዎቹ መተግበሪያዎችም አይከፈቱም። የተኩስ ድምፅ በተሰማባቸው ቀናት ሰው ቤቱን ዘግቶ ተቀምጦ መንገዱ ክፍት ነው ዝግ፣ ሱቅ ተከፍቷል አልተከፈተም፣ ትምህርት ቤቶች መቼ ይጀምራሉ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና አለ ወይ እያለ በወሬ ብቻ ሲጨነቅ፣ ኤፍ ኤም ያለው ስልክ የያዘ ሰው ቢያንስ አንድ ተጨማሪ የድምፅ ምንጭ ነበረው። በሬዲዮ የሚነገረው ሁሉ ሙሉ ነበር፣ ሰው ሊያውቀው የሚፈልገው ሁሉ ይነገር ነበር ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያልተነገረው ከተነገረው ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ሰው የሰማውን መዝኖ የሚቀበለውን መቀበል፣ የሚጠራጠረውን መጠራጠር የሚችለው መጀመሪያ ሲሰማ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የላከለትን ውድ አይፎን የያዘው ወጣት በዚያ ወቅት የጎረቤቱን ባለ ቁልፍ ስልክ ተበድሮ ዜና ሲሰማ ማየቴ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ከገፋፉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ኔትወርክ በሰላም በሚሠራበት ጊዜም ቢሆን የገንዘቡ ጉዳይ አለ። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የሚተላለፍ የድምፅ ሥርጭት በአንድ ሰዓት ውስጥ 57.6 ሜጋባይት ዳታ ይወስዳል። በቀን ሦስት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ወደ 5.2 ጊጋባይት ይጨርሳል ማለት ነው። ጥራቱ በግማሽ ዝቅ ብሎ በ64 ኪሎቢት ቢተላለፍ እንኳ ከ2.5 ጊጋባይት በላይ ነው። ደህና ደመወዝ ያለው ሰው ይህን ላያስብበት ይችላል። ያ የልብስ ጠጋኝ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የሚያዳምጡት፤ እርሳቸውን በዳታ ስሙ ማለት አትስሙ ማለት ነው። ተማሪውም እንዲሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበር እናስታውሳለን፤ ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት የአባት ወይም የእናት ስልክ መማሪያ ክፍል ሊሆን የሚችለው ሬዲዮ ካለው ብቻ ነበር።

የባትሪውም ነገር መነሳት አለበት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስልክን ቻርጅ ማድረግ ራሱን የቻለ ዕቅድ ይጠይቃል። በኢንተርኔት የሚሰማ ሬዲዮ ስልኩ ከቶወሩ ጋር ያለማቋረጥ እንዲገናኝ ስለሚያስገድደው ባትሪውን በፍጥነት ይጨርሳል፤ የኤፍ ኤም መቀበያ ግን ሥራው ከአየር የሚመጣውን መቀበል ብቻ ስለሆነ ፍጆታው እጅግ ያነሰ ነው። ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጎ ሬዲዮውን ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ከሁሉም በላይ ይቆጥባል፤ አንዳንድ ስልኮች በዚህ ሁኔታ ሬዲዮውንም ስለሚዘጉት ግን አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ኤፍ ኤም ሁሉንም ይፈታል ብዬ ግን አልከራከርም። ይህ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥታ ነው የሚጓዘው፤ ተራራ ከመካከል ከገባ ይቋረጣል። የእኛ አገር ደግሞ ተራራ ነው። ማሰራጫው ከፍታ ላይ ስለሚተከል ከተማው ውስጥና እስከ ደንቢያ ሜዳ ድረስ ለመስማት ይመቻል፤ ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚወጣ፣ ወይም ወደ ታች አርማጭሆ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከአንድ ገመገም ጀርባ ሲዞር ድምፁ እየተንሿሿ ሄዶ ሲጠፋበት ያውቃል። ከዚህም ሌላ በስልክ ውስጥ ያለው መቀበያ ኤፍ ኤምን ብቻ ነው የሚይዘው፤ መካከለኛውንና አጭሩን ሞገድ አይይዝም። ስለዚህ በሩቅ ገጠር ያለ ገበሬ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራውን ትልቁን ሬዲዮ ይጣል አልልም፤ ለእርሱ እሱ ነው የሚሻለው። የእኔ ክርክር ኤፍ ኤም በሚደርስበት ቦታ ሁሉ፣ ማለትም በከተሞቻችንና በዙሪያቸው፣ በየሰው ኪስ ያለው ስልክ እንዲቀበለው ነው። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች እስካሁን የሚይዙት በአብዛኛው ሬዲዮ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ አንዳንዱም ያለ ኤርፎን የሚሠራ የውስጥ አንቴና አለው። እነዚህ ሰዎች ነገ ርካሽ የሆነ ስማርት ስልክ ሲገዙ ሬዲዮውን የሚያጡ ከሆነ፣ ስልካቸውን አሻሻሉ ለማለት ይከብደኛል።

«ሬዲዮ የፈለገ ሬዲዮ ይግዛ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሰው ግን ሁለት ዕቃ ይዞ አይዞርም። አደጋ ሲደርስ በእጁ የሚገኘው ስልኩ ነው፤ ሬዲዮው ቤት ቀርቷል፣ ወይም ባትሪው ፈሶ ዝጓል። ሌሎች ደግሞ ኤፍ ኤም ራሱ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ በአውሮፓ እየተዘጋ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 አገር አቀፍ የኤፍ ኤም ሥርጭቶቿን ዘግታለች፣ የስዊዘርላንድ የሕዝብ ማሰራጫም በ2024 መጨረሻ ዘግቷል። ነገር ግን እነዚህ አገሮች ሕዝባቸውን በኢንተርኔት ብቻ ስሙ ብለው አልተዉትም፤ ኤፍ ኤምን የተኩት በዲጂታል ሬዲዮ ነው፤ እሱም እንደ ኤፍ ኤም በአየር የሚሰራጭና ያለ ዳታ ክፍያ የሚሰማ ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ተተኪ ገና አልተዘረጋም። በአዲስ አበባ ኤፍ ኤም 97.1 ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኤፍ ኤም ወደ ክልል ከተሞች እየሰፋ መጥቶ እዚህም ጎንደር የፋናና የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ጣቢያዎች ከከተማው ለከተማው ያሰራጫሉ። ጣቢያዎቹ እየበዙ መቀበያዎቹ የሚያንሱ ከሆነ የሁለቱ አካሄድ አይገጥምም።

ምን ይደረግ ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሕንድ መንግሥት የኤሌክትሮኒክስና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ለስልክ አምራቾች ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የኤፍ ኤም መቀበያ ያላቸው ስልኮች መቀበያቸው እንዳይዘጋ፣ የሌላቸውም እንዲኖራቸው ጠይቋል፤ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰውም ድሃውን የኅብረተሰብ ክፍልና የአደጋ ጊዜ መረጃን ነው። የእኛም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1148 መሠረት ተቋቁሞ የቴሌኮም መሣሪያዎችን ደረጃ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ነው። አንድ የስልክ ሞዴል ወደ ገበያ እንዲገባ ሲፈቀድ ቺፑ ኤፍ ኤም የሚችል ከሆነ አንቴናው እንዲገናኝና ሶፍትዌሩ እንዲከፈት ማድረግ፣ ይህ ባይሆን እንኳ ካርቶኑ ላይ «ኤፍ ኤም አለው» ወይም «የለውም» ተብሎ በአማርኛ እንዲጻፍ ማዘዝ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስን የሚያመርተው ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል፤ በብዙዎቹ ስልኮቹም ኤፍ ኤም ይገኛል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ፈጠራ ሳይሆን ያለው እንዳይጠፋ ነው። ውድ ስልክ የሚገዛው ሰው ምርጫ አለው፤ በግዴታ ይጨመርለት ብዬ ድርቅ አልልም። በጥቂት ሺህ ብር ተጠራቅሞ የሚገዛው ስልክ ላይ ግን አቋሜ የጸና ነው።

የሬዲዮ ጣቢያዎቹም ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል። በየሰዓቱ «በቴሌግራም ቻናላችን፣ በዩቲዩብ ገጻችን ተከታተሉን» ብለው ያስተዋውቃሉ፤ «ስልካችሁ ላይ ኤፍ ኤም አለ፣ ገመድ ሰክታችሁ ያለ ክፍያ ስሙን» ብሎ የሚያስታውስ ግን ሰምቼ አላውቅም። አድማጫቸው መቀበያ ሲያጣ የሚጎዱት እነርሱም ናቸው፤ ጉዳዩን ይዘው ለባለሥልጣኑ ቢያቀርቡት የእኔ ብቻ ከሆነው ድምፅ የበለጠ ይሰማል።

እስከዚያው ድረስ ስልክ የምትገዙ ሁሉ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ሞክሩት። ገመድ ያለው ኤርፎን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቆቹ ውስጥ የተሰቀለው አሁን አብዛኛው ብሉቱዝ ነውና ከሻጩ አትጠብቁ። ከፕሌይ ስቶር የሚወርዱት «ኤፍ ኤም ሬዲዮ» የሚል ስም ያላቸው መተግበሪያዎች አብዛኞቹ በኢንተርኔት የሚሠሩ ስለሆኑ እንዳያሳስቷችሁ ዳታውንና ዋይፋዩን አጥፉ፣ ቢቻል ሲም ካርዱን ሳታስገቡ ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣውን የሬዲዮ መተግበሪያ ክፈቱ። ግድግዳው ወፍራም በሆነ ቤት ውስጥ ሞገዱ ስለሚደክም ወደ በሩ ወጣ በሉና ጣቢያ አስፈልጉት። የጎንደር ጣቢያዎች ከመጡ ስልኩ ይሠራል ማለት ነው። ካልመጡ፣ ወይም መተግበሪያው ጭራሹን ከሌለ፣ በዚሁ ዋጋ ሬዲዮ ያለው እንዲያሳያችሁ ሻጩን ጠይቁት። አንድ ፒያሳ የሚሸጥ ወዳጄ እንደነገረኝ ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲያዝዝ የሚጽፈው ዝርዝር ገዢው ደጋግሞ የጠየቀውን ነው፤ ባለፉት ወራት ሁለት ሲምና ትልቅ ባትሪ እንጂ ሬዲዮ የሚል ቃል ጽፎ አያውቅም።